ኢትዮጵያ (የባሕር ኃይል መርከብ)

ኢትዮጵያ (መለያ ቁጥር፦ ኤ-01) ከ1954 ዓ.ም. እስከ 1983 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ውስጥ ያገለገለች መርከብ ነበረች። ርዝመቷ ወደ 95 ሜትር የሚጠጋው ይህች መርከብ የባሕር ኃይሉ ትልቋና ዋናዋ መርከብ፣ እንዲሁም ዕጩ መኮንኖችና ባሕረኞች የሚሠለጥኑባት ተንሳፋፊ ትምህርት ቤት ነበረች። መቀመጫዋ ምጽዋ ወደብ ነበር። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በእንግሊዝኛ ሰነዶች ላይ ኤች.ኤም.አይ.ኤስ. ኢትዮጵያ ተብላ ትጠራ ነበር።

መርከቢቱ መጀመሪያ ለኢትዮጵያ አልተሠራችም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ተሠርታ ዩ.ኤስ.ኤስ. ኦርካ (ኤ.ቪ.ፒ.-49) በሚል ስም በፓስፊክ ውቅያኖስ ተዋግታለች። የዚያን ጊዜ ሥራዋ ውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን መደገፍ ነበር። በአሜሪካ ባንዲራ ሥር በሥራ ላይ የቆየችበት ጊዜ ሲደመር ወደ 12 ዓመት ሲሆን በኢትዮጵያ ባንዲራ ሥር ግን 29 ዓመት አገልግላለች። ስለዚህ በባዕድ መዝገቦች ዘንድ በአብዛኛው "የቀድሞዋ ኦርካ" እየተባለች ብትጠቀስም የዕድሜዋ ትልቁ ክፍል ያለፈው በቀይ ባሕር ላይ ነው።

አሠራሯና የመጀመሪያ ሥራዋ

ኦርካ የተሠራችው በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በሆተን ከተማ በሚገኘው የሌክ ዋሽንግተን መርከብ ፋብሪካ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 1942 ውሃ ላይ ወረደች፤ ጃንዩዋሪ 23 ቀን 1944 ደግሞ በይፋ ሥራ ጀመረች። "ባርኔጋት" የሚባለው የመርከብ ዓይነት አባል ነበረች። የዚህ ዓይነት መርከቦች ስማቸውን የሚያገኙት ከባሕረ ሰላጤዎች ሲሆን የኦርካም ስም የተወሰደው አላስካ ውስጥ ካለ ባሕረ ሰላጤ ነው።

የመርከቧ ርዝመት 94.7 ሜትር፣ ስፋቷ 12.5 ሜትር ነበር። ውሃ ውስጥ የምትጠልቀው 4.1 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሙሉ ጭነት ስትይዝ ወደ 2,750 ቶን ትመዝን ነበር። በሁለት ዘንግ የሚሠሩ የናፍጣ ሞተሮች በድምሩ 6,000 የፈረስ ጉልበት ይሰጧት ስለነበር በሰዓት እስከ 34 ኪሎ ሜትር (18 ኖት ተኩል ገደማ) መጓዝ ትችል ነበር። ይህ ፍጥነት ለተዋጊ መርከብ አዝጋሚ ሲሆን ለደጋፊ መርከብ ግን በቂ ነው።

የባሕር አውሮፕላን ደጋፊ መርከብ ማለት ምን እንደሆነ ዛሬ ለብዙ ሰው ግልጽ አይደለም፤ ሙያው ራሱ ጠፍቷልና። በጦርነቱ ጊዜ ካታሊና የሚባሉት ትልልቅ አውሮፕላኖች ከመሬት ማኮብኮቢያ ይልቅ ከባሕር ላይ ይነሡና ያርፉ ነበር። ለዚህም ማረፊያ ባልተሠራባቸው ደሴቶች አካባቢ ተፈላጊ ነበሩ። ሆኖም አውሮፕላኑ ነዳጅ፣ ቦምብ፣ ጥገና፣ አብራሪዎቹም ምግብና መኝታ ያስፈልጋቸዋል። ይህን ሁሉ ይዛ የምትመጣው ደጋፊዋ መርከብ ናት። ጸጥ ያለ የባሕር ጥግ ፈልጋ መልሕቋን ትጥላለች፤ አውሮፕላኖቹ አጠገቧ በተንሳፋፊ ምልክት ላይ ይታሰራሉ፤ ትንንሽ ጀልባዎች በመካከላቸው እየተመላለሱ ነዳጅና ጥይት ያደርሳሉ። የተጎዳ አውሮፕላን ሲኖር በክሬን ተነሥቶ በኋላኛው ወለል ላይ ይጠገናል። በአጭሩ መርከቧ ተንቀሳቃሽ አውሮፕላን ማረፊያ ነበረች።

ከዚህ ሥራ የመጡ ሦስት ጠባዮች ኋላ ላይ በኢትዮጵያ እጅ ጠቃሚ ሆነዋል። አንደኛው ጥልቀት በሌለው ውሃ መሄድ መቻሏ ነው። ሁለተኛው ለብቻዋ ለረጅም ጊዜ እንድትቆይ የጥገና ክፍሎችና ሰፋፊ መጋዘኖች ያሏት መሆኗ ነው፤ ለአውሮፕላኖች የሚሆን ቤንዚን ብቻ ወደ 300,000 ሊትር ትይዝ ነበር። ሦስተኛውና ዋናው የመኝታ ቦታዋ ነው። የራሷ ሠራተኞች ቁጥር 215 ሲሆን የአውሮፕላን ክፍሉ ሰዎች ሲጨመሩ እስከ 367 ሰው ታሳፍር ነበር። አውሮፕላኖቹ ከቀሩ በኋላ ይህ ከ150 ሰው የማያንስ ትርፍ ቦታ ለተማሪዎች ይሆናል ማለት ነው።

በፓስፊክ ጦርነት

ኦርካ በ1944 (እ.ኤ.አ.) በኒው ጊኒ አካባቢና በማኑስ ደሴት፣ በዓመቱ መጨረሻ ላይ ደግሞ በፊሊፒንስ ሌይቴ ባሕረ ሰላጤ የካታሊና አውሮፕላኖችን ደግፋለች። እነዚህ አውሮፕላኖች ሌሊት ሌሊት የጃፓን መርከቦችን ያድኑ፣ ቀን ደግሞ ባሕር ላይ የወደቁ አብራሪዎችንና መርከብ የሰጠመባቸውን ሰዎች ይፈልጉ ነበር።

በጃንዩዋሪ 1945 አሜሪካውያን በሉዞን ደሴት ሊንጋየን ባሕረ ሰላጤ ለመውረድ ሲጓዙ ኦርካ ከጓዙ ጋር ነበረች። በዚያ ወር 5ኛ ቀን አንድ የጃፓን ካሚካዜ (ራሱን ከነአውሮፕላኑ የሚወረውር አብራሪ) አጠገቧ ወድቆ ጉዳት አደረሰባት። ከጉዳቱ ተርፋ ሥራዋን ቀጥላለች።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በ1946 የበጋ ወራት አሜሪካ በቢኪኒ ደሴቶች ባደረገችው የአቶሚክ ቦምብ ሙከራ ላይ ከደጋፊ መርከቦች አንዷ ሆና ተገኝታለች። በኦክቶበር 1947 ከአገልግሎት ወጥታ ተቀመጠች። የኮሪያ ጦርነት ሲመጣ በዲሴምበር 1951 እንደገና ወደ ሥራ ተጠርታ እስከ 1960 ድረስ ወደ ምዕራብ ፓስፊክ እየተመላለሰች ስትሠራ ቆይታለች። በዚያን ጊዜ ግን የባሕር አውሮፕላን ዘመን እያለቀ ነበር። መሬት ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖች የበለጠ ርቀት መብረር ጀምረው ነበር፤ የማረፊያ ሜዳም በየቦታው ተሠርቶ ነበር። የኦርካ አካልና ሞተር ገና ደህና ሳለ የተሠራችበት ጉዳይ ቀርቶ ነበር።

ከጦርነት የተረፉ መርከቦች ጉዳይ

ይህ ዕጣ የኦርካ ብቻ አልነበረም። ጦርነቱ ሲያበቃ አሜሪካና እንግሊዝ በሺህ የሚቆጠሩ ሥራ የሌላቸው መርከቦችና ጀልባዎች ቀሩባቸው። ወታደርና ታንክ ከባሕር ወደ ዳርቻ ለማውረድ የተሠሩት ጦር አውራጅ ጀልባዎች በየአገሩ ወደ መኪና ማሻገሪያ፣ ወደ ጭነት ማመላለሻና ወደ አሸዋ ማጓጓዣ ተለውጠዋል፤ ፊታቸው እንደ በር ተከፍቶ ወደ መሬት ስለሚዘረጋ ወደብ በሌለበት ቦታ ሁሉ ተፈላጊ ነበሩ። ተለቅ ያሉት መርከቦች ደግሞ ባሕር ኃይላቸውን አዲስ ለሚያቋቁሙ ወይም ከጦርነቱ ጉዳት ለሚያገግሙ ወዳጅ አገሮች ተሰጡ። ኢትዮጵያም በዚህ መንገድ ከአሜሪካ ትንንሽ ጦር አውራጅ ጀልባዎችን አግኝታ ነበር። ከሁሉም ግን የገዘፈችው ኦርካ ናት።

ወደ ኢትዮጵያ መምጣቷ

ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትዋሃድ ኢትዮጵያ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የባሕር ዳርቻና ሁለት ወደቦችን፣ ምጽዋንና አሰብን አገኘች። ባሕር ኃይሉ ከዚያ በኋላ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ተመሠረተ። ምጽዋ ዋናው የጦር ሰፈር ሲሆን መኮንኖችን የሚያስተምረው ኮሌጅ ደግሞ አስመራ ነበር። በአሠልጣኝነትና በአማካሪነት የኖርዌይና የእንግሊዝ የባሕር መኮንኖች ሠርተዋል። ከባሕር ኃይሉ መሪዎች በሰፊው የሚታወቁት የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ፣ የራስ ደስታ ዳምጠው ልጅ፣ ሪር አድሚራል ልዑል እስክንድር ደስታ ናቸው።

መጀመሪያ ላይ ኢትዮጵያ የነበሯት ትንንሽ የጥበቃ ጀልባዎች ነበሩ። ከአሜሪካ የመጡት የጥበቃ ጀልባዎች ርዝመታቸው 95 ጫማ፣ ማለትም 29 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ጀልባ ዳርቻ ለመጠበቅ ይበቃል፤ ብዙ ተማሪ ጭኖ ለሳምንታት ባሕር ላይ መቆየት ግን አይችልም። ባሕር ኃይል ደግሞ ያለ ረጅም ጉዞ መኮንን ማፍራት አይሆንለትም። የኦርካ መምጣት ይህን ክፍተት ሞላ።

መርከቢቱ በጃንዩዋሪ 1962 (እ.ኤ.አ.)፣ በ1954 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ለኢትዮጵያ ተሰጠች። የተሰጠችው በስጦታ ወይም በሽያጭ ሳይሆን በውሰት ነበር። አሜሪካ በ1953 (እ.ኤ.አ.) ከኢትዮጵያ ጋር በተፈራረመችው ስምምነት መሠረት በአስመራ የቃኘው ጣቢያን ታንቀሳቅስ ነበር፤ በምላሹም ለኢትዮጵያ ጦር መሣሪያና ሥልጠና ትሰጥ ነበር። የመርከቢቱ ውሰት የዚህ ሰፊ ግንኙነት አካል ነበር። ለአሜሪካ በማከማቻ የተቀመጠች የ18 ዓመት መርከብ ስትሆን ለኢትዮጵያ ግን እስከዚያ ድረስ ያላየችው ግዙፍ መርከብ ነበረች፤ የአገሪቱ ስም የተሰጣትም ለዚህ ይመስላል።

በኢትዮጵያ እጅ ስትሆን የመሣሪያ ጓዟ ቀለል ብሎ አንድ ባለ 127 ሚሊ ሜትር መድፍና አምስት ባለ 40 ሚሊ ሜትር ፀረ አውሮፕላን መድፎች ነበሯት። ይህ ለጦርነት ሳይሆን ለማስተማርና ባንዲራ ለማሳየት የሚበቃ መሣሪያ ነው።

በምጽዋ የነበራት ሥራ

የባሕር ኃይሉ ኮሌጅ የነበረባት አስመራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ደጋ ከተማ ናት። የባሕር መኮንን የሚማርበት ትምህርት ቤት ደጋ ላይ መሆኑ እንግዳ ቢመስልም ምክንያት አለው፦ ምጽዋ በበጋና በክረምት ሙቀቷ የታወቀ ነው፤ በአንዳንድ ወራት ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ይደርሳል። ሒሳቡን፣ የፊዚክሱንና የቋንቋውን ትምህርት በቀዝቃዛ አየር መማር ይቀላል። ነገር ግን መርከብ መንዳት የሚለመደው ቁልቁል ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ወርዶ ባሕሩ ላይ ነው። ይህን የትምህርቱን ግማሽ የምትይዘው ኢትዮጵያ ነበረች።

በትምህርት መርከብ ላይ አንድ ተማሪ የሚማረው በመጽሐፍ ከሚማረው የተለየ ነው። ቀንና ሌሊት በየአራት ሰዓቱ የሚፈራረቅ ተራ ጥበቃ አለ፤ እንቅልፍና ሥራ በዚህ ደወል ይገዛሉ። አንዱ ተራ መሪውን ይዞ ኮምፓሱን ይከታተላል፤ ሌላው በሴክስታንት የፀሐይንና የከዋክብትን ከፍታ ለክቶ መርከቧ የት እንዳለች በሠንጠረዥ ያሰላል። ሌላው ደግሞ ሞተር ክፍል ገብቶ በናፍጣ ሽታና በጩኸት መካከል ግፊትና ሙቀት ይመዘግባል። ጀልባ ማውረድና ማውጣት፣ መልሕቅ መጣል፣ በባንዲራና በብርሃን መነጋገር፣ እሳትና ፍሳሽ መከላከል በልምምድ የሚገኙ ናቸው። በዛሬው ጊዜ ቦታን ሳተላይት ይናገራል፤ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም. ግን የስሌቱ ስህተት መርከቢቱን ኮራል ላይ ሊያስቀምጣት ይችል ነበር።

ይህ አደጋ በምጽዋ አካባቢ የታወቀ ነው። ከወደቡ ፊት ለፊት የሚዘረጉት የዳህላክ ደሴቶች ከ100 በላይ ሲሆኑ በመካከላቸው ጥልቀት የሌለው ውሃና የኮራል ድንጋይ ይበዛል። ወደ ደቡብ አሰብ ለመድረስ ደግሞ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል። ከአሰብ ቀጥሎ ቀይ ባሕር እየጠበበ ሄዶ ባብ ኤል መንደብ ላይ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ብቻ ይቀራል፤ የዓለም ንግድ መርከቦችም በዚህ ጠባብ በር ይተላለፋሉ። ለጀማሪ መኮንን ከዚህ የተሻለ የመለማመጃ ውሃ ብዙ የለም። ለፓስፊክ ጥልቀት አልባ የባሕር ጥጎች ተብላ የተሠራችው መርከብ ዳህላክ አካባቢ ብዙ አልተቸገረችም ማለት ይቻላል።

የስዊዝ ቦይ ከ1967 እስከ 1975 (እ.ኤ.አ.) በእስራኤልና በዐረቦች ጦርነት ምክንያት ተዘግቶ ነበር። በእነዚህ ስምንት ዓመታት ከምጽዋ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር መውጣት መላውን አፍሪካ መዞር ይጠይቅ ስለነበር የባሕር ኃይሉ ዓለም በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ተወስኖ ነበር።

መርከቢቱ ከትምህርቱ ሌላ የክብር ሥራም ነበራት። በየዓመቱ በጥር ወር አካባቢ በምጽዋ የባሕር ኃይል በዓል ይከበር ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ ወርደው ተመራቂ መኮንኖችን ይመርቃሉ፤ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የሶቪየት ኅብረት የጦር መርከቦች በአንድ ወደብ ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ። ቀዝቃዛው ጦርነት በተፋፋመበት ዘመን እነዚህ ባንዲራዎች በአንድ ላይ የሚታዩበት ቦታ ጥቂት ነበር። በዚያ ሰልፍ መካከል አስተናጋጇን አገር የምትወክለው ኢትዮጵያ ናት። ትንንሽ የጥበቃ ጀልባዎች ብቻ ያሉት ባሕር ኃይል እንዲህ ያለ ግብዣ ለመጥራት አቅም አይኖረውም ነበር።

ከአብዮቱ በኋላ

በ1966 ዓ.ም. የፈነዳው አብዮት ባሕር ኃይሉንም ነካ። ልዑል እስክንድር ደስታ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ካስገደላቸው ባለሥልጣኖች አንዱ ነበሩ። በንጉሠ ነገሥቱ ስም ይጠሩ የነበሩ ተቋማት ሁሉ ስማቸው ሲቀየር (ዩኒቨርሲቲው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደተባለው) መርከቢቱ ግን የምትጠራው በአገሪቱ ስም ስለነበር "ኢትዮጵያ" እንደተባለች ቀጠለች። የቀረው በፊቱ ያለው የንጉሠ ነገሥትነት መጠሪያ ብቻ ነው።

በ1976 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ መርከቢቱን ለኢትዮጵያ ሸጠች። 14 ዓመት በውሰት የኖረች መርከብ በዚህ የኢትዮጵያ ንብረት ሆነች። ጊዜው እንግዳ ነው፤ ከአንድ ዓመት በኋላ በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ደርግ የቃኘው ጣቢያንና የአሜሪካ ወታደራዊ ልዑካንን ዘጋ፤ የአሜሪካ የጦር ርዳታም ቆመ። ይህ ለማንኛውም አሜሪካን ሠራሽ መሣሪያ መለዋወጫ ማግኘት ከባድ ሆነ ማለት ነበር። ሞተሯም፣ መድፏም፣ መገናኛዋም አሜሪካዊ ለሆነ የ33 ዓመት መርከብ ጉዳዩ የበለጠ ይከብዳል።

በአሜሪካ ቦታ ሶቪየት ኅብረት ገባች። የሚሳይል ጀልባዎች፣ ታንክ የሚያወርዱ መርከቦች፣ በ1983 እና በ1984 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ፔትያ የሚባሉ ሁለት ፍሪጌቶች መጡ። ሶቪየቶች በዳህላክ ደሴቶች ኖክራ ላይ የራሳቸውን መርከቦች የሚያስጠግኑበት ጣቢያ ነበራቸው። እንግዲህ የባሕር ኃይሉ የውጊያ ክብደት ወደ አዲሶቹ መርከቦች ዞረ። ሆኖም ፔትያዎቹ ርዝመታቸው 82 ሜትር ገደማ፣ ክብደታቸውም ከኢትዮጵያ ግማሽ በታች ነው፤ አሮጊቷ መርከብ እስከ መጨረሻው የባሕር ኃይሉ ግዙፏ ሆና ቀረች።

በዚህ መካከል ጦርነቱ ወደ ወደቡ ደረሰ። በታኅሣሥ 1970 ዓ.ም. የሕዝባዊ ግንባር ሓርነት ኤርትራ (ሻዕቢያ) ተዋጊዎች ምጽዋን ከበው ወደ ውስጥ ለመግባት ሞክረው ነበር፤ ከተማዋ በጭንቅ ተረፈች። ከዚያ በኋላ ለ12 ዓመት ያህል ምጽዋ ለኤርትራው ግንባር የሚላከው የመንግሥት ጦር ዋና የስንቅ በር ሆና ቆየች። መርከበኛ ሆኖ ለመማር ወደ ምጽዋ የሚወርድ ወጣት ከ1970 ዓ.ም. በኋላ የሚወርደው ወደ ጦር ግንባር ነበር።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በየካቲት 1982 ዓ.ም. ሻዕቢያ በየብስም በትንንሽ ፈጣን ጀልባዎች በባሕርም ምጽዋን አጥቅቶ ያዘ። ከ30 ዓመት በላይ የባሕር ኃይሉ ቤት የነበረው ወደብ ከነሰፈሩ፣ ከነማሠልጠኛውና ከነመጋዘኑ ጠፋ። ንጉሠ ነገሥቱ በበዓሉ ጊዜ ያርፉበት የነበረው የምጽዋ ቤተ መንግሥትም በውጊያው ተጎድቶ ጉልላቱ ፈራረሰ፤ ፍርስራሹ እስካሁን በፎቶግራፍ ይታያል። የተረፉት መርከቦች ዋና መጠጊያቸው አሰብ ሆነ።

አሰብም ብዙ አልቆየችም። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር ወጡ፤ በዚያው ሳምንት አስመራ፣ ቀጥሎም አሰብ በሻዕቢያ እጅ ገቡ። በእነዚህ ቀናት መንቀሳቀስ የቻሉት የባሕር ኃይሉ መርከቦች መልሕቃቸውን አንሥተው ወጡ፤ ሌሎች ወደብ ውስጥ እንዳሉ ሰጠሙ። ከወጡት አብዛኞቹ ቀይ ባሕርን ተሻግረው የመን ገቡ። ኢትዮጵያ ከእነዚህ አንዷ ነበረች። በወቅቱ 47 ዓመቷ ነበር።

የመርከቢቱ ችግር ከዚያ በኋላ የመርከብ ችግር መሆኑ ቀርቶ የአገር ጥያቄ ሆነ። ባሕር ኃይሉ በሕግ አልፈረሰም፤ መርከቦችም አሉት፤ የሚመለሱበት ወደብ ግን አልነበረም። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ነጻነቷን ስታውጅ ኢትዮጵያ ወደብ አልባ መሆኗ በይፋ ጸና። የቆመች መርከብ ደግሞ ትበላሻለች፦ ቀፎዋን የባሕር ትንንሽ ፍጥረታት ይሸፍኑታል፣ ጨው ብረቱን ይበላዋል፣ ሞተሩ ሳይነሣ ሲቆይ ይደርቃል። ለወደብ የሚከፈለው ኪራይ በየቀኑ ይጨምራል። የሠራተኛ ደመወዝ፣ ነዳጅና ስንቅ የሚልከው ማን እንደሆነም ግልጽ አልነበረም።

በ1993 (እ.ኤ.አ.) የመን የኢትዮጵያን መርከቦች ማስተናገድ በቃኝ አለች። መንቀሳቀስ የሚችሉት ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ኢትዮጵያ ግን ከዚያው አልወጣችም፤ በዚያው ዓመት ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ወደ ጅቡቲ የሄዱትም ቢሆኑ ዕድላቸው ብዙ የተሻለ አልሆነም፤ የወደብ ክፍያ ስላልተከፈለባቸው ተይዘው በ1996 (እ.ኤ.አ.) ለጨረታ ቀረቡ። ከእነዚህ አራቱን ኤርትራ ገዛች። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ያን ጊዜ ህልውናው አበቃ፤ መንግሥት እንደገና ለማቋቋም ማሰቡን ያስታወቀው ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2010 ዓ.ም. ነው።

እህት መርከቦች

ባርኔጋት ከሚባለው ዓይነት ከ30 በላይ መርከቦች ተሠርተዋል። እንደ ኢትዮጵያ ሁሉ ብዙዎቹ ሁለተኛ ሕይወታቸውን የኖሩት በሌላ አገር ባንዲራ ሥር ነው። 18ቱን የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ወስዶ በአትላንቲክ ላይ የአየር ጠባይ ለመከታተልና ለነፍስ አድን ሥራ ተጠቅሞባቸዋል። ኢጣልያ በ1957 (እ.ኤ.አ.) ኦይስተር ቤይ የተባለችውን ተረክባ ፒየትሮ ካቬትሳሌ ብላ ሰይማለች፤ ያችም መርከብ በሥራ ላይ የቆየችው እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ልክ የኢትዮጵያን ያህል ነው። ኖርዌይ ደግሞ ጋርዲነርስ ቤይ የተባለችውን በ1958 ወስዳ ሆኮን ሰባተኛ በሚል ስም ለዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ አደረገቻት። ኖርዌጂያን መኮንኖች ምጽዋ ውስጥ በአማካሪነት በሚሠሩበት ጊዜ በአገራቸው የሚጠቀሙበት የትምህርት መርከብና ኢትዮጵያ ያገኘችው መርከብ የአንድ ዓይነት፣ እንዲያውም የአንድ ፋብሪካ ልጆች ነበሩ።

በፍጻሜዋ ለኢትዮጵያ የሚቀርቡት ግን የደቡብ ቬትናም መርከቦች ናቸው። ይህች አገር ከዚህ ዓይነት ሰባት መርከቦችን በ1971 እና በ1972 (እ.ኤ.አ.) ከአሜሪካ ተቀብላ ነበር። በኤፕሪል 1975 ሳይጎን ስትወድቅ ስድስቱ ስደተኞችን ጭነው ወደ ፊሊፒንስ ሸሹ፤ አንዷ ብቻ በአሸናፊዎቹ እጅ ቀረች። የፊሊፒንስ መንግሥት ከሸሹት ውስጥ የሚያገለግሉትን ወደ ባሕር ኃይሉ አስገብቷቸው ለተጨማሪ ዓመታት ሠርተዋል። የመን ወደብ ላይ ለቆመችው ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ተቀባይ አልተገኘም።